አያ ዓለምነው አፋቸው የታገደበት ቀን

ጋፋት አካባቢ ሁለት ሰው ከተጣላ ሦስተኛው አያ ዓለምነው ናቸው። ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ወሰን ቢገፋ፣ በሬ ተፈትቶ የሰው ገብስ ውስጥ ቢያድር፣ መልእክቱ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። እሳቸውም ሞፈርና ቀንበሩን እዚያው ማሳው ላይ ትተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ቁጭ ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ባለጉዳዮቹ ይተያያሉ፤ አያ ዓለምነው ከጀመሩ መጨረሻቸው ሩቅ ነዋ! የወሰን ጠብ ከሆነ ኖኅ ለልጆቹ ምድርን ካካፈለበት ይነሳሉ፤ የትዳር ከሆነ ከአዳም የጎን አጥንት። ነገሩ ጋፋት እስኪደርስ ፀሐይ ትዘቀዝቃለች። ሰዉ ብዙ ጊዜ የሚታረቀው ተግባብቶ ሳይሆን ርቦት ነው ይባላል። ያም ሆኖ አንዴ የታረቀ ታርቆ ይቀራል፤ ዳግመኛ ተጣልቶ ያንን ሁሉ እንደገና መስማት የሚፈልግ የለም።

«እንዲህ ያለ አፍ ለእኛ ብቻ ይበዛል፤ ደብረ ታቦር ሄዶ ይናገርልን» ብሎ ሕዝቡ ለምክር ቤት መረጣቸው። ሚስታቸው ብርነሽ ዜናውን ስትሰማ እልል ብላለች፤ የእልልታውን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያው ሰፈር ከእሳቸው ጋር አሰለፈች የምትባል ሴትም ተመርጣ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ድንችና ገብስ እያመረተች ልጆቿን ያሳደገች፣ አምሳውን የተጠጋች፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ምክር ቤት ከገባች ጀምሮ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። ዓይን አፋር ሆና አይደለም። ከአያ ዓለምነው አጠገብ ተቀምጦ ለመናገር ክፍት ቦታ ስላልተገኘ ነው።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። በሩ ላይ ፍተሻ አለ። አቤቱታ ይዞ የመጣ ይፈተሻል፣ ሪፖርት ይዞ የመጣ ይፈተሻል፤ አባላቱ ግን «የተከበሩ» ስለሚባሉ ማንም አይነካቸውም ነበር። በመኪና የሚመጣው መስተዋቱን እንኳ ሳያወርድ ያልፋል፤ በእግሩ የሚመጣው ደግሞ እጁን አንስቶ «እንደምን አደራችሁ» እያለ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ኖሮ አንድ ቀን፣ አንድ ሪፖርት ተነቦ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ፣ ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ነገር ወለሉን ጓ! አድርጎ መታው። ሰዉ ዝቅ ብሎ ቢያይ ሽጉጥ ነው።

«የማን ነው?» አሉ አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኤሌኒ።

«የኔ አይደለም» አለ አንዱ።

«የኔም አይደለም» አለ ሌላው፣ ሳይጠየቅ።

ሽጉጡ በራሱ እግር መጥቶ ለመሰብሰብ የፈለገ ይመስል ባለቤት አጣ። በመጨረሻ ፖሊስ ተጠርቶ በመሐረብ ይዞት ሄደ። በሚቀጥለው ስብሰባ ታዲያ ማንኛውም አባል ሳይፈተሽ እንዳይገባ የሚል አዲስ ደንብ ቀረበ። ሳይፈተሽ የገባ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል ይላል።

አያ ዓለምነው እጃቸውን አወጡ። በዚያ ቀን የተናገሩትን እስከ ዛሬ የሚያነሳው ሰው ብዙ ነው።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ወንፊት ትንሹን ይዞ ትልቁን ካሳለፈ ወንፊት አይባልም፣ ቀዳዳ ነው! እኔ በእግሬ የምመጣው ገበሬ ልፈተሽ፣ ባለመኪናው በመስተዋት ተሸፍኖ ይለፍ? ደግሞስ ማስጠንቀቂያ ምንድን ነው? ወረቀት ነው። ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። አባል የሚባል ሰው ምን አለው? በሬ የለው፣ ማረሻ የለው፣ እዚህ ይዞት የሚመጣው አፉን ነው። ሳይፈተሽ የገባ ያን ቀን አፉን ዝጉበት! ቁጭ ብሎ ይስማ! ያኔ ሌላ ጊዜ ጫማውንም አውልቆ ይፈተሻል!»

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። «ሳይፈተሽ የገባ አባል በዕለቱ ስብሰባ ከመናገር ይታገዳል» ተብሎ ደንቡ ተሻሻለና ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። አንድ ሽማግሌ አባል ብቻ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው «ዓለምነው፣ ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አሏቸው። አያ ዓለምነው ግን በጭብጨባው ሞቅ ብሏቸው ስለነበር አልሰሙም።

በሩ ላይ የሚፈትሸው አስናቀ ይባላል። አስናቀና አያ ዓለምነው ይተዋወቃሉ። ሚስቱ ጥላው እናቷ ቤት በሄደች ጊዜ ሽማግሌ ሆነው የመለሱለት እሳቸው ናቸው፤ ስለ አዳም የጎን አጥንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቷል። ደንቡ በጸደቀ ማግስት በተደረገው ስብሰባ አያ ዓለምነው እጃቸውን አንስተው ሊያልፉ ሲሉ አስናቀ አንገቱን ሰበረ።

«አያ፣ ኪስዎን።»

«የኔን ኪስ?»

«የአንቱንም የማንንም ነው። ደንቡን ያወጣችሁት እናንተ እኮ ናችሁ።»

ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። አያ ዓለምነው ምርጫ አጡና ኮታቸውን ፈቱ። ከቀኝ ኪሳቸው የተቆላ ገብስ፣ ሞረድ፣ የተጣመመ ሚስማር ወጣ። ከግራው የጠፍር ቁራጭ፣ የሞተ ባትሪ፣ እንዲሁም ለሰው ሳይነግሩ በድብቅ የሚበሏት የልጅ ከረሜላ ከነመጠቅለያዋ ወጣች። አስናቀ የያዘው የብረት መፈተሻ ግን አሁንም ይጮሃል። ከውስጥ ኪስ ደግሞ የበር ቁልፍ ወጣ፤ ቁልፉ የሚከፍተው ቤት ከፈረሰ ቆይቷል። ከተሰላፊዎቹ አንዱ «አያ፣ ሱቁን የሚከፍቱት ስንት ሰዓት ነው?» ሲል ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከረሜላዋን ያየች አንዲት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አፏን ይዛ ዞረች።

አያ ዓለምነው ያን ቀን እንደ ወትሯቸው ቢናገሩም ንግግራቸው ውስጥ ለዛ አልነበረም። ማታ ቤታቸው ገብተው «ክብሬን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው» አሉ ለብርነሽ።

«ታዲያ ኪስህን ባዶ አድርገህ ሂድ» አለቻቸው።

«ባዶ ኪስ ያለው ሰው ገበሬ ይባላል?» ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ተኙ።

ቀጣዩ ስብሰባ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበር፤ ፍስክ ስለሆነ ለአባላቱ ምሳ በግ ታርዶ እንዲበላ ታስቧል። ለጋፋት ሰዎች ግን ዋናው ነገር ምሳው አልነበረም። ሰፈራቸውን ከቤተ ክርስቲያኑና ከትምህርት ቤቱ የሚለየው ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር የባሕር ዛፉን ድልድይ ጠራርጎ ይወስደዋል። የድልድዩ ጉዳይ በዚያ ቀን አጀንዳ ተይዞለታል። አያ ዓለምነው ከማረሻቸው ኋላ እየተራመዱ፣ በሬዎቹን እንደ ጉባኤ ቆጥረው ንግግራቸውን ሲያለማምዱ ሰነበቱ። መክፈቻውን በጣም ነበር የወደዱት፦ «በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ የተሠራባት ጋፋት ዛሬ ሰው የሚሻገርባት አንድ ድልድይ ትጣ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ብለው አዳራሹን ሊያዩ አስበዋል።

ጠዋት ለከብቶቻቸው ጨው ገዙና ጥቅልሉን የኮታቸው የኋላ ኪስ ውስጥ ከተቱ። ከባጃጅ አስፋልቱ ላይ ወርደው በእግራቸው አዳራሹ በር ሲደርሱ ሰልፉ ረዝሟል፤ በመካከሉ ያቺ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ቆማለች። አስናቀም ጠረጴዛውን እየወለወለ ነው። አያ ዓለምነው ጨዉን አሰቡት፣ ሞረዱን አሰቡት፣ ከረሜላዋንም አሰቧት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው አጥሩን ይዘው ወደ ኋላ ዞሩ።

ከግቢው ጀርባ ክበብ አለ። ከቤይሩት የተመለሰችው ትርንጎ ተከራይታ ምግብ የምትሠራበት ነው። ማገዶና ውኃ የሚገባበት የራሱ ትንሽ በር አለው። አያ ዓለምነው አንገታቸውን ቀብረው በዚያ ገቡ። ትርንጎ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ብላ አየቻቸው።

«አያ፣ ምነው በጓዳ?»

«ዝም በይ የኔ ልጅ፣ የሆድ ነገር ነው» አሏት፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁም።

«ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው» አለች ትርንጎ። እሳቸው ግን አልፈዋል። ሲያልፉ እግራቸው ከአንድ ገመድ ጋር ተያዘ፤ ጎትተው አላቀቁትና ገሰገሱ። ገመዱ የታሰረበት ካስማ ከመሬት መነቀሉን አላዩም።

ጥቂት እንደተራመዱ አንድ ሰው ኮታቸውን ከኋላ ያዘ። አስናቀ ነው ብለው አሰቡ። ዞር ብለው ማየት ፍርሃት ስለሚያስመስል ፊት ለፊታቸውን እያዩ መራመድ ቀጠሉ።

«ልቀቀኝ አስናቀ፣ ረፍዷል» አሉ በሹክሹክታ።

የያዛቸው አልለቀቀም። ጭራሽ ጎተት አደረጋቸው።

«ሰው አያሳፍሩም እንጂ! ሚስትህን ማን መለሰልህ?»

 ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አያ ዓለምነው ፈጠን አሉ፤ ያዡም ፈጠነ። እንዲህ እየተጎታተቱ የአዳራሹን የጎን በር ገፍተው ገቡ። አፈ ጉባኤዋ ስብሰባውን እየከፈቱ ነበር። አዳራሹ በአንዴ በሳቅ ተናጋ። አያ ዓለምነው ለእሳቸው የተደረገ አቀባበል መስሏቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ። ዝቅ ሲሉ ነው በእግሮቻቸው መካከል አራት የበግ እግሮች ያዩት።

ለምሳ የታሰበው በግ የኮታቸውን ኪስ አፉ ውስጥ ከቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጨው ይጠባል።

«የተከበሩ አቶ ዓለምነው» አሉ ወይዘሮ ኤሌኒ፣ ሳቃቸውን በግድ ውጠው፣ «ይህ አዲስ አባል ከየትኛው ቀበሌ ነው?»

ሳቁ እስኪያባራ ተጠበቀ። ትርንጎ ሽንኩርት የያዘ ቢላዋዋን እንደጨበጠች በጎን በር ብቅ አለችና ሰዉ ሁሉ ሲያያት ቢላዋውን በሽርጧ ሸፍና በጉን እየጎተተች ወጣች። አፈ ጉባኤዋ አስናቀን አስጠሩት።

«አስናቀ፣ ዛሬ አቶ ዓለምነውን ፈትሸሃል?»

አስናቀ ኮፍያውን አወለቀ። አያ ዓለምነው ዓይን ዓይኑን አዩት። «አዎ» ቢልላቸው ይተርፉ ነበር። 

«በጉንም እሳቸውንም አልፈተሽኩም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲህ ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ ወይዘሮ ኤሌኒ። «የተከበሩ አቶ ዓለምነው በዛሬው ስብሰባ ከመናገር ታግደዋል።»

አያ ዓለምነው ተነሡ። «ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ስለ ቅጣቱ አንድ...»

«ስለ ቅጣቱም መናገር መናገር ነው። ይቀመጡ።»

«የድልድዩ አጀንዳ...»

«ይቀመጡ እባክዎ። ሐሳቡን ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።»

በሬ በቀንዱ ሰው በቃሉ ይታሰራል እንዲሉ፣ አያ ዓለምነው ተቀመጡ። ከተወለዱ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም። በአፋቸው ውስጥ ቃሉ እንደ ፈላ ገንፎ ይንተከተካል፤ መውጫ የለውም። የመጀመሪያው አጀንዳ ስለ ማዳበሪያ ነበር፤ አንዱ አባል ስህተት ሲናገር ጉልበታቸውን በጥፊ መቱ። ሁለተኛው ስለ ውሻ በሽታ ነበር፤ ስለ ውሻም የሚሉት ነበራቸው። ከንፈራቸውን ነክሰው ጣራውን አዩ።

ከዚያ «የጋፋት አካባቢ የወንዝ መሻገሪያ» ተባለ። «ከአካባቢው ተወካዮች የሚያስረዳ?» አሉ አፈ ጉባኤዋ።

 አሰለፈች ወደ አያ ዓለምነው ዞረች። አያ ዓለምነው ወደ አሰለፈች ዞሩ። ላብ በላብ ሆነው አንድ እጃቸውን ወደፊት ዘረጉ፣ በሌላው ከኋላ ጥይት የሚያጎርሱ አስመሰሉ፣ ከዚያ ጉንጫቸውን ነፍተው «ቡም» የሚል የአፍ ቅርጽ ሠሩ።

«የተከበሩ አቶ ዓለምነው፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መድፍ መሰለኝ» አለ ከኋላ አንዱ።

«በእጅ መናገርም ንግግር ነው» አሉ ወይዘሮ ኤሌኒ። «እጅዎን ጋቢዎ ውስጥ ያስገቡ።»

አሰለፈች ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ድምፅ ማጉያውን ሰዎች ሲይዙት እንዳየችው ያዘችው፤ መጀመሪያ ላይ ስለጮኸባት ገፋ አደረገችውና በራሷ ድምፅ ተናገረች።

«አማቴ ያለፉት በነሐሴ ነው» አለች። «ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድዩ ሄዷል። ቄሶቹ ከወዲያ ማዶ ናቸው፣ እኛ ሬሳውን ይዘን ከወዲህ ነን። ምን ይደረግ? ፍትሐቱን ከማዶ ሆነው በጩኸት አደረሱት። ወንዙ ይጮኻል፣ ቄሶቹ ይጮኻሉ፣ እኛም እናለቅሳለን። አማቴ ደግሞ በቁማቸውም ጆሯቸው ከበድ ያለ ነበር። ይስሙት አይስሙት አላውቅም።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሌላው ሊስቅ ብሎ ተወው። አሰለፈች እንዲህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያያት የመጀመሪያዋ ነው፤ ጥቂት ትንፋሽ ወሰደች።

«ኋላ ወንዶቹ በገመድ አስረው አሻገሯቸው። ዕድሜ ልካቸውን ወንዝ ሲፈሩ የኖሩ ሰው፣ ከሞቱ በኋላ በማዕበል ላይ ተንጠልጥለው ሄዱ። እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጡና ልብሳቸውን ይጨምቃሉ። ድልድይ ብትሠሩልን እሳቸውም ያርፋሉ፣ እኔም እተኛለሁ። ይኸው ነው።»

ቁጭ አለች።  አያ ዓለምነው ያን ቀብር ያውቁታል፤ ገመዱን ከያዙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ባዘጋጁት ንግግር ውስጥ ግን ትዝ እንኳ አላላቸውም። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ እጃቸው እዚያው ውስጥ ስለነበረ ምቹ ሆነላቸው።

ክርክሩ ረጅም አልነበረም። ሲሚንቶና ብረቱ በመንግሥት በኩል እንዲቀርብ፣ ድንጋይና ጉልበቱን ሕዝቡ እንዲያወጣ፣ ሥራው ከክረምቱ በፊት እንዲያልቅ ተወሰነ። ምሳ ሰዓት ላይ አያ ዓለምነው ሥጋውን አልነኩም። ትርንጎ «አያ፣ ተቀይመውት ነው?» ብትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እገዳው በምሳም ይሠራ አይሠራ እርግጠኛ አልነበሩም።

ሲወጡ አስናቀ በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «መዋሸት አቃተኝ።»

አያ ዓለምነው ፊቱ ቆሙ። ኮታቸውን ፈተው ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ።

«አያ፣ ሲወጣ እኮ አይፈተሽም!»

«ስገባ የቀረብህን አሁን ውሰድ» አሉት። «ነገሩ ይለቅ።»

አስናቀ እያፈረ ፈተሸ። ሞረዱ ወጣ፣ ጠፍሩ ወጣ፣ በበግ ምራቅ የረጠበው የጨው ጥቅል ወጣ። ከረሜላዋ ስትወጣ አያ ዓለምነው «ያቺን ለልጅህ ስጣት» አሉት። አስናቀ ተቀብሎ ኪሱ ከተታት፤ ሁለቱም ሳቁ።

በባጃጁ ወደ ጋፋት ሲመለሱ አሰለፈች በመስኮቱ ማሳውን ታያለች። አያ ዓለምነው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ ግን አልቻሉም።

«መድፉን ረሳሽው» አሉ።

«የምን መድፍ?»

«በእጄ ያሳየሁሽ!»

«እኔ ባሕር ዛፍ የሚሸከም ሰው መስሎኝ ነበር» አለች አሰለፈች። ባለባጃጁ ሳቀ። አያ ዓለምነው ትንሽ አኮረፉ፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁና «ደግ ተናገርሽ» አሏት። «እኔ ብሆን ኖሮ ገና ቴዎድሮስን ሳልቀብር ጉባኤው ይበተን ነበር።»

ግንቦት ላይ ሲሚንቶው መጣ። ሕዝቡ ድንጋይ ሲያመላልስ ሰነበተና ድልድዩ ተገነባ። ላዩ ተለስኖ እስኪደርቅ ድረስ ሰውም ከብትም እንዳይረግጠው ጠባቂ ያስፈልግ ነበር። «አያ ዓለምነው ይሁኑ፤ የሚመጣውን ሁሉ በወሬ ይይዙታል» ተባለ። እውነትም ያዙት። ገበያተኛውን፣ ቄሱን፣ ተማሪውን ሁሉ በድልድዩ አፍ አስቀምጠው፣ በጉ እንዴት ምክር ቤት እንደገባ ሲተርኩለት ዋሉ። እዚያ ታሪኩ ከሚጥምበት ላይ ሲደርሱ፣ ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ የጎረቤታቸው የአቶ ሞላ ጥጃ ከኋላቸው ዝም ብላ መጥታ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ተሻገረች። ማንም አላያትም። ማዶ ደርሳ እምቧ ስትል ነው ሰዉ የዞረው።

ኮቴዋ በሲሚንቶው ላይ እንደታተመ ቀርቷል። አሰለፈች ባለፈች ቁጥር እየጠቆመች «አያ፣ ይቺ ተፈትሻ ነው ያለፈችው?» ትላቸዋለች። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ኮቴው ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን፣ ዝናብ ሲዘንብ እግር እንዳያንሸራትት እንደሚይዝ ለሚያልፈው ሁሉ ያስረዳሉ።